የፌት የኤሌክትሪክ ሲሙሌሽኖች፦ ለባሕር ዳር የፊዚክስ ተማሪ ምን ይዘዋል፣ ምን ይጎድላቸዋል?

አንድ ጥያቄ ይቅደም። አንድ ቦታ ላይ 2 ናኖኩሎምብ ቻርጅ ተቀምጦ 18 ናኖኒውተን ፎርስ አረፈበት። ይህ ቻርጅ ተነስቶ በምትኩ 4 ናኖኩሎምብ ቢቀመጥ፣ ሌሎቹ ቻርጆች ካልተነቃነቁ፣ እዚያ ቦታ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ፊልድ ስንት ይሆናል? ቀመሩን በቃሉ የሸመደደ ተማሪ ብዙ ጊዜ «እጥፍ» ይላል። እጥፍ የሚሆነው ፎርሱ ነው። ፊልዱ (ፎርሱ ለቻርጁ ሲካፈል) በፊትም 9 ኒውተን በኩሎምብ ነበር፣ አሁንም 9 ነው፣ ቻርጁ ተነስቶ ቦታው ባዶ ሲቀርም 9 ነው። ፊልድ የቦታው ነው፤ ፎርስ ግን እዚያ የተቀመጠው የቻርጁ ነው። ይህን ያልጨበጠ ተማሪ ፊልድን ከቻርጅ ጋር የሚያያይዘው ጋውስ ሕግ ላይ ሲደርስ ይንገዳገዳል፣ ፖቴንሻል (ቮልቴጅ) ላይ ሲደርስ ይወድቃል። ስለዚህ ከታች ያሉት ሦስት ሲሙሌሽኖች የሚመዘኑት በዚህ ነው፦ ልዩነቱን ለዓይን ያሳያሉ ወይስ አያሳዩም?

ፌት የአሜሪካው የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ካርል ዋይማን በ2002 መሠረተው። በድረ ገጹ ላይ ያሉት ሲሙሌሽኖች በነጻ ይወርዳሉ። ለባሕር ዳር ተማሪ ዋናው ጥቅም ግን ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ ሲሙሌሽን አንድ ፋይል ሆኖ ይወርዳል፣ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። በዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ውስጥ ዋይፋይ ባለበት ሰዓት አንድ ሰው ካወረደው በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ለዶርሙ ሁሉ ይዳረሳል፤ መብራት ሲሄድም ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ወይም ስልክ ይበቃዋል። አንድ እንቅፋት አለ፦ በቴሌግራም የመጣውን ፋይል እዚያው ስትነኩት ስልኩ በራሱ የጽሑፍ ማሳያ ሊከፍተውና ባዶ ገጽ ሊያሳያችሁ ይችላል። ፋይሉ የተበላሸ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት፣ ከዚያ «በሌላ ክፈት» ብላችሁ ክሮምን ምረጡ።

ስለ ቃላት አንድ ነገር እንበል፤ ብዙ ውዥንብር የሚጀምረው ከዚህ ነው። እዚህ አገር «የኤሌክትሪክ ኃይል» ሲባል ሐሳብ ወደ ጢስ ዓባይና ወደ በለስ ይሄዳል፤ በክፍል ውስጥ የምንፈልገው ግን አንዱ ቻርጅ ሌላውን የሚገፋበትን ወይም የሚስብበትን ነው። «ቻርጅ» ሲባል ደግሞ ስልክ ይታሰባል። ስልክ ቻርጅ ሲደረግ ባትሪው ውስጥ የተጣራ ቻርጅ አይጠራቀምም፤ በአንዱ ጫፍ የገባውን ያህል በሌላው ይወጣል፣ የሚጠራቀመው ኬሚካላዊ ኢነርጂ ነው። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይ ፎርስን ፎርስ፣ ፊልድን ፊልድ እያልን እንቀጥላለን፤ ተማሪውም በክፍል የሚጠቀመው ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያው የፊኛው ሲሙሌሽን ነው። ፊኛውን ሹራቡ ላይ ታሹታላችሁ፣ ኔጌቲቭ ቻርጆች ወደ ፊኛው ይሻገራሉ፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ስታስጠጉት ይለጠፋል። ለሕጻናት የተሠራ ይመስላል፤ የያዘው ነጥብ ግን ዩኒቨርሲቲ የገቡትንም ያሳስታል። ግድግዳው ቻርጅ የለውም፣ ታዲያ ለምን ሳበው? ፊኛውን ቀስ አድርጋችሁ አስጠጉና የግድግዳውን ኔጌቲቮች ተመልከቱ፤ በጥቂቱ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፣ ፖዘቲቮቹ ባሉበት ይቀራሉ። ቅርብ የሆነው ተቃራኒ የሚሳበው የራቀው ተመሳሳይ ከሚገፋው በርትቶ ነው። ከዚህ የሚከተለው ሕግ ወርቅ ነው፦ መሳሳብ ሁለቱም ቻርጅ እንዳላቸው አያረጋግጥም፣ መገፋፋት ግን ያረጋግጣል። ለዚህ አሥር ደቂቃ ይበቃል። የሚቀርበት አንድ ነገር የአየር እርጥበት ነው፤ የሲሙሌሽኑ ፊኛ ቻርጁን እንደያዘ ይቀመጣል፣ የነሐሴው የባሕር ዳር ፊኛ ግን አይይዝም። ወደዚህ በኋላ እንመለሳለን።

ሁለተኛው የኩሎምብ ሕግ ሲሙሌሽን ነው። ሁለት ኳሶች፣ አንድ ማስመሪያ፣ እያንዳንዱን ቻርጅ ከኔጌቲቭ 10 እስከ ፖዘቲቭ 10 ማይክሮኩሎምብ የምትቀይሩበት ማንሸራተቻ አለው። ፈረንሳዊው ፊዚሲስት ኩሎምብ እ.ኤ.አ. በ1785 በተጠማዛዥ ሽቦ ሚዛን ያገኘውን ሕግ በግማሽ ሰዓት ራሳችሁ ታወጡታላችሁ። ሁለቱንም 10 ማይክሮኩሎምብ አድርጉ፣ በ10 ሴንቲሜትር አራርቋቸው፤ ወደ 90 ኒውተን ያነባል፤ ይህ የ9 ኪሎ ጤፍ ክብደት ነው። ርቀቱን ወደ 5 ሴንቲሜትር አውርዱት፤ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ፣ ወደ 360 ይሆናል። አሁን አንዱን ኳስ ብቻ ወደ 5 ማይክሮኩሎምብ ቀንሱና ሁለቱንም ቀስቶች ተመልከቱ። ቻርጁ የተነካው በአንዱ ላይ ነው፣ ፎርሱ ግን በሁለቱም ላይ እኩል ቀነሰ። «ትልቁ ቻርጅ ትንሹን በበለጠ ይገፋዋል» የሚለው ስሕተት እዚህ ላይ ይሞታል፤ ለዚህ ብቻ ቢባል እንኳ ፋይሉን ማውረድ ይገባል።

ሁለት ቦታ ላይ ተማሪ ይስታል። የመጀመሪያው ርቀቱን ከኳስ ጠርዝ እስከ ኳስ ጠርዝ መለካት ነው፤ የሚለካው ከመሃል እስከ መሃል ነው፣ ኳሶቹ ሲቀራረቡ ደግሞ ስሕተቱ ይገዝፋል። ሁለተኛው ማይክሮን (አንድ ሚሊዮንኛን) መርሳት ነው። ሁለት ቻርጆች ስለሚባዙ ማይክሮው ሁለት ጊዜ ይገባል፤ አንዱን የረሳ መልሱ ሚሊዮን ጊዜ ይበልጥበታል። 90 ሚሊዮን ኒውተን ያወጣ ተማሪ ቁጥሩን አይቶ መደንገጥ ነበረበት፤ የማይደነግጠው መጠኑን በሰውነቱ ስለማያውቀው ነው።

ትልቁ ቅሬታችንም ከዚሁ ይነሳል። ሲሙሌሽኑ የመጠን ስሜት ያዛባል። ሬዲየሱ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ኳስ ላይ 10 ማይክሮኩሎምብ ቢቀመጥ፣ ገጹ ላይ ያለው ፊልድ 900 ሚሊዮን ቮልት በሜትር ይሆናል። ደረቅ አየር በባሕር ጠለል ላይ የሚችለው ወደ 3 ሚሊዮን ነው፤ ከዚያ በላይ ይሰነጠቅና ብልጭታ ይሆናል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ስላለች አየሩ ይሳሳል፣ ወሰኑም ወደ 2.4 ሚሊዮን ገደማ ይወርዳል። በዚህ ወሰን ሲሰላ የዚያች ኳስ አቅም 27 ናኖኩሎምብ ገደማ ነው። ሲሙሌሽኑ ያሸከማት ከ350 እጥፍ በላይ ነው። መምህሩ ይህን ካልነገራቸው ተማሪዎች ማይክሮኩሎምብን ትንሽ ነገር አድርገው ይወስዱታል። ሁለተኛው ቅሬታ ኳሶቹ ሁለት ብቻ መሆናቸውና ሁለቱም በአንድ መስመር ላይ መወሰናቸው ነው፤ ሦስት ቻርጆች በትሪያንግል ጫፎች ላይ የሚቀመጡበትን የፈተና ጥያቄ እዚህ መለማመድ አይቻልም። ለጥያቄያችንም መልስ የለውም፤ ፎርስን እንጂ ፊልድን አያሳይም።

የዚህ ግምገማ ልብ ሦስተኛው ነው፦ ቻርጅስ ኤንድ ፊልድስ። ጥቁር ሜዳ ይከፈታል፤ ከሥሩ ካለው ሳጥን ቀይ ፖዘቲቮችን፣ ሰማያዊ ኔጌቲቮችንና ቢጫ ሴንሰሮችን እየጎተታችሁ ታስቀምጣላችሁ። እያንዳንዱ ቻርጅ 1 ናኖኩሎምብ ነው። መጀመሪያ ግሪድንና ቫሊዩስን አብሩ፣ ከግሪድ ሥር ያለውንም ወደ መስመር የሚያስጠጋውን ምርጫ አብሩ። ይህን የመጨረሻውን መዝለል በስልክ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ጣት ሴንሰሩን ስለሚሸፍነው 5 ሴንቲሜትር መሳት ቀላል ነው፤ ከ1 ሜትር ይልቅ 95 ሴንቲሜትር ላይ ብታስቀምጡት 9 መሆን የነበረበት ወደ 10 ይጠጋል፣ ከ50 ይልቅ 45 ላይ ከሆነ ደግሞ 36 የነበረው 44 ይሆናል። በርቀት ስኩዌር የሚሄድ ሕግ በቅርብ ሲለካ ስሕተትን ያባዛል። ስለዚህ ራቅ አድርጋችሁ ለኩ።

አንድ ፖዘቲቭ መሃል ላይ አስቀምጡ። ሴንሰሩ በ1 ሜትር 9 ቮልት በሜትር ያነባል፣ በ2 ሜትር 2.25፣ በግማሽ ሜትር 36፣ በ3 ሜትር 1። ቮልት በሜትር የሚለው አያስጨንቃችሁ፤ ቮልት ጁል በኩሎምብ ነው፣ ጁል ደግሞ ኒውተን ሲባዛ በሜትር ነው፣ ሜትሩ ከሜትሩ ሲጣፋ ኒውተን በኩሎምብ ይቀራል። አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ሁለተኛ ሴንሰር ከመጀመሪያው አጠገብ አስቀምጡ። የመጀመሪያው ንባብ አይለወጥም። ሦስተኛ ጨምሩ፤ አሁንም አይለወጥም። ሴንሰሩ ያለውን ይዘግባል እንጂ ምንም አይጨምርም። ፊልድ የቦታው ነው የሚለው እዚህ ላይ ያለ ብዙ ንግግር ይታያል። ከዚያ ከሴንሰሩ አጠገብ ቻርጅ አስቀምጡ፤ ንባቡ ወዲያው ይዘላል፣ ምክንያቱም አዲሱ ቻርጅ የራሱን ፊልድ ይዞ መጥቷል። በሴንሰርና በቻርጅ መካከል ያለውን ይህን ልዩነት በሰሌዳ ላይ ማስረዳት ሰዓት ይፈጃል፤ እዚህ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል።

ከሁሉም የበለጠ የሚያስተምረው ልምምድ ሁለት ቻርጆችን 2 ሜትር አራርቆ መሃላቸውን መለካት ነው። ሁለቱም ፖዘቲቭ ሲሆኑ መሃሉ ላይ ፊልዱ 0 ነው፣ ቮልቴጁ 18 ቮልት። አንዱን በኔጌቲቭ ስትለውጡት ፊልዱ 18 ቮልት በሜትር ይሆናል፣ ቮልቴጁ 0። ፊልድ አቅጣጫ ስላለው ሁለት እኩል ተቃራኒ ቀስቶች ይጣፋሉ፤ ቮልቴጅ አቅጣጫ የሌለው ቁጥር ስለሆነ ዝም ብሎ ይደመራል። «ፊልዱ 0 ከሆነ ፖቴንሻሉም 0 ነው» የሚለው በፈተና ወረቀት ላይ የሚደጋገም ስሕተት ነው። ይህን ልምምድ ራሱ ሠርቶ ያየ ተማሪ አይደግመውም።

ቀጥሎ እኩል ያልሆኑ ቻርጆች። ሲሙሌሽኑ የቻርጁን መጠን መቀየሪያ የለውም፤ 4 ናኖኩሎምብ ከፈለጋችሁ አራት ቻርጆችን በአንድ ነጥብ ላይ መደራረብ ነው። ተደራርበው አንድ ስለሚመስሉ ቁጥራቸው ይጠፋል፤ በ1 ሜትር ላይ ሴንሰር አስቀምጣችሁ 36 ማንበቡን አረጋግጡ። ከዚያ ከአራቱ 1.5 ሜትር ርቀት ላይ አንድ ፖዘቲቭ አስቀምጡ። ፊልዱ 0 የሚሆነው በመካከላቸው፣ ከአራቱ 1 ሜትር ከአንዱ ግማሽ ሜትር ላይ ነው። አሁን አንዱን በኔጌቲቭ ተኩና ወደ አራቱ አስጠግታችሁ 1 ሜትር ላይ አስቀምጡት። ብዙ ተማሪ 0ውን በመካከላቸው ይፈልጋል፤ አያገኘውም፣ ምክንያቱም በመካከላቸው ሁለቱም ቀስቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ናቸው። ያለው ከኔጌቲቩ ማዶ፣ ከእርሱ 1 ሜትር ርቆ ነው፤ 4 ሲካፈል ለ2 ስኩዌር እና 1 ሲካፈል ለ1 ስኩዌር እኩል የሚሆኑበት ቦታ። የስኩዌር እኩልታውን ስትፈቱ ሁለት መልስ ይወጣላችኋል፤ የትኛው እንደሚጣል ሴንሰሩ ይነግራችኋል።

ዳይፖል (የእኩል ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ጥንድ) ላይ የደረሰ ተማሪ ደግሞ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ በ20 ሴንቲሜትር አራርቆ፣ ከመሃላቸው ቀጥ ብሎ በሚወጣው መስመር ላይ በ1 ሜትርና በ2 ሜትር ይለካ። ወደ 1.8 እና ወደ 0.22 ያነባል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ፊልዱ ወደ ስምንት እጥፍ ቀነሰ። ለአንድ ቻርጅ አራት እጥፍ ነበር። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ እርስ በርስ እየተጣፉ እንደሚሄዱ ቁጥሩ ራሱ ይመሰክራል።

ቮልቴጅ መለኪያው ለብቻው ሊወደስ ይገባል። ነጥብ ላይ አስቀምጣችሁ የእርሳሱን ምልክት ስትነኩ፣ ያንን ቮልቴጅ ያላቸውን ቦታዎች ሁሉ የሚያገናኝ አረንጓዴ መስመር ይሥላል። ለባሕር ዳር ልጅ ይህን የሚያስረዳ ምሳሌ ከደጁ አለ። የጣና ዳርቻ ራሱ የእኩል ከፍታ መስመር ነው፤ ውሃው በረጋ ጊዜ ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ ዳርቻው ሁሉ አንድ ከፍታ ላይ ነው፣ ወደ 1,786 ሜትር። በታንኳ ዳር ዳሩን የሚቀዝፍ ሰው አይወጣም፣ አይወርድም፤ በእኩል ቮልቴጅ መስመር ላይ የሚሄድ ቻርጅም ፊልዱ ሥራ አይሠራበትም። ውሃው አንድ ሜትር ቢጎድል ደግሞ አዲስ ዳርቻ ይፈጠራል። በዝርጉ በፎገራ በኩል ዳርቻው ብዙ ይሸሻል፣ ቀጥ ብሎ በቆመው በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ግን ጥቂት ብቻ። መስመሮች የተቀራረቡበት ቦታ ቁልቁለቱ የበረታበት ነው፤ ፊልድም የቮልቴጅ ቁልቁለት ነው።

እዚህ ላይ ግን ወጥመድ አለ፣ በጣም ብዙ ሰውም ይገባበታል። ሲሙሌሽኑ መስመሩን የሚሥለው እናንተ በነካችሁበት ቦታ ነው። በዘፈቀደ አሥር ቦታ ነክታችሁ መስመሮቹ የተቀራረቡበትን «ፊልዱ የበረታበት» ብትሉ ስሕተት ነው፤ የተቀራረቡት እናንተ ስላቀራረባችኋቸው ነው። ትርጉም የሚኖረው እርምጃው እኩል ሲሆን ነው። ለአንድ ፖዘቲቭ ቻርጅ በ3፣ 6፣ 9፣ 12 እና 15 ቮልት ላይ ሣሉ፤ ሬዲየሶቹ 3 ሜትር፣ 1.5፣ 1፣ 0.75 እና 0.6 ይሆናሉ። አሁን መቀራረቡ እውነት ይናገራል።

የፊልድ ቀስቶቹም ማብራሪያ ይሻሉ። ሜዳው ላይ የተዘሩት ትንንሽ ቀስቶች ሁሉ እኩል ርዝመት አላቸው፤ ጥንካሬ የሚታየው በድምቀታቸው ነው፣ ሲርቁ እየደበዘዙ ይሄዳሉ። በርዝመት የሚያሳየው የሴንሰሩ ቀይ ቀስት ብቻ ነው። አቅጣጫ ብቻ የሚለውን ስታበሩ ድምቀቱም እኩል ይሆናል፤ ያንን ረስቶ ፎቶ ያነሳ ተማሪ ሪፖርቱ ላይ ፊልዱን በሁሉም ቦታ እኩል አስመስሎ ያቀርባል። የፎቶውን ነገር ካነሳን፣ ጥቁሩ ሜዳ በኮፒ ቤት ሲታተም ቀለም ይጨርሳል፣ ምንም አይታይምም። በሲሙሌሽኑ ማስተካከያ ውስጥ ለፕሮጀክተር የተዘጋጀ ነጭ ሜዳ አለ፤ ከመታተሙም በክፍል ከመታየቱም በፊት እርሱን አብሩ። ሴንሰሩ የሚሰጠው ማዕዘን ደግሞ ከቀኝ ተነስቶ ወደ ግራ ዞሮ የሚቆጠር ሲሆን ወደ ታች ያለውን በኔጌቲቭ ያነባል፤ መልሳችሁ 270 ዲግሪ፣ ሴንሰሩ ኔጌቲቭ 90 ካሉ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

አሁን ጉድለቱ። ስሙ ውስጥ ቻርጅም ፊልድም አለ፣ ፎርስ ግን የለም። ቻርጆቹ ባስቀመጣችኋቸው ቦታ እንደተቸነከሩ ይቀራሉ፤ ሁለት ፖዘቲቮች ተጠጋግተው ዝም ይላሉ። ጀማሪ ይህን አይቶ «አይገፋፉም እንዴ?» ቢል ልክ ነው። ፎርሱን በወረቀት ማውጣት የእናንተ ሥራ ነው፦ መጀመሪያ ቦታውን ባዶ አድርጋችሁ በሴንሰር ለኩ፣ ከዚያ የሚቀመጠውን ቻርጅ አባዙ። 9 ቮልት በሜትር ባለበት 2 ናኖኩሎምብ 18 ናኖኒውተን ያርፍበታል፣ ኔጌቲቭ 2 ከሆነ ያው 18 ናኖኒውተን ከቀስቱ በተቃራኒ ይሆናል። በእኛ ሚዛን ይህ ጉድለት በአግባቡ ከተያዘ ጥቅም ነው፤ ተማሪውን በሁለት ደረጃ እንዲያስብ ያስገድደዋል፣ አንድ ጊዜ ስለ ቦታው፣ አንድ ጊዜ ስለ ቻርጁ። ብቻውን ለተቀመጠ ጀማሪ ግን ማንም አይነግረውም።

የፊልድ መስመሮችንም አይሥልም። «ስንት መስመር ይወጣል፣ ስንት ይገባል» የሚል ጥያቄ ለሚጠብቅ ተማሪ በእጁ መሣልን የሚተካ ነገር እዚህ የለም። ከሁሉ የከፋው ግን ተማሪዎች ካፓሲተር (ተቃራኒ ቻርጅ ያላቸው ሁለት ትይዩ ሰሌዳዎች) የሚሠሩበት ነው። ፖዘቲቮችን በአንድ ረድፍ፣ ኔጌቲቮችን በትይዩ ሌላ ረድፍ ደርድረው በመካከሉ እኩል ፊልድ ይጠብቃሉ። አያገኙም፣ ሲሙሌሽኑንም ይወቅሳሉ። ሲሙሌሽኑ ልክ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ በርቀት ስኩዌር የሚቀንስ የሦስት አቅጣጫ ፊልድ አለው፤ ስክሪኑ ከዚያ አንዱን ቁራጭ ብቻ ያሳያል። የደረደራችሁት እንግዲህ ሁለት ዘንግ ነው፣ ሁለት ሰሌዳ አይደለም። ረድፎቹ በጣም ረዥም ቢሆኑ እንኳ፣ ከአንዱ ረድፍ አንድ አራተኛ ርቀት ላይ ያለው ፊልድ ከመሃሉ በሲሶ ይበልጣል። ሰሌዳ ለማድረግ ከስክሪኑ ወደ እናንተም ወደ ኋላም የተዘረጉ ቻርጆች ያስፈልጋሉ፣ እነርሱን ማስቀመጥ አይቻልም። ብረትም የለም፤ ቻርጅ በብረት ገጽ ላይ እንዴት እንደሚሰራጭ፣ ውስጡ ፊልዱ ለምን 0 እንደሚሆን እዚህ አይታይም።

የቁጥሮቹ ትንሽነት ግን በዚህኛው እውነተኛ ነው፣ ያም ያስደስታል። 1 ናኖኩሎምብ ቤት ውስጥ የምታገኙት መጠን ነው። ሰማይ በጠራበት ቀን መሬት አጠገብ ያለው የተፈጥሮ ፊልድ ወደ 100 ቮልት በሜትር ነው፤ አንድ የሲሙሌሽን ቻርጅ በ1 ሜትር ላይ ከሚያሳየው ከአሥር እጥፍ በላይ።

ይህን በእጅ ለማረጋገጥ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር አንድ ጥቅል ስኮች ይበቃል፣ ሲሙሌሽኑም ያለዚህ ሙሉ አይደለም። ጠረጴዛ ላይ አንድ የስኮች መደብ ለጥፉና አትንኩት። በላዩ 20 ሴንቲሜትር ያህል ሁለት ቁራጮች ለጥፉ፣ ጫፋቸውን ለመያዣ አጥፉ፣ ከዚያ በፍጥነት ላጧቸው። ጎን ለጎን ስታንጠለጥሏቸው ይገፋፋሉ። ተቃራኒ ቻርጅ ከፈለጋችሁ አንዱን በሌላው ላይ ለጥፋችሁ ሁለቱን አንድ ላይ ቀስ ብላችሁ ከመደቡ አንሱ፣ በጣት ጀርባ ዳሰስ አድርጋችሁ ያለውን ቻርጅ አስወግዱ፣ ከዚያ በፍጥነት አለያዩዋቸው፤ አሁን ይሳሳባሉ። ሁለቱም ዓይነት ወደ እጃችሁ መሳባቸው አያስገርማችሁ፣ እጃችሁ የፊኛው ግድግዳ ነው።

የተገፋፉትን ላይኛ ጫፎች አንድ ቦታ ይዛችሁ ማዕዘኑን ለኩ። አንዱ ቁራጭ ወደ 0.2 ግራም ይመዝናል እንበል፣ ክብደቱ 0.00196 ኒውተን ነው። እያንዳንዱ ከቀጥታው 15 ዲግሪ ከሸሸ፣ የጎን ፎርሱ ክብደቱ ሲባዛ በ15 ዲግሪ ታንጀንት፣ ወደ 0.00053 ኒውተን ይሆናል። ቻርጁ መሃል ለመሃል እንደተሰበሰበ ከተቆጠረ ርቀታቸው ወደ 5.2 ሴንቲሜትር ነው። ከኩሎምብ ሕግ ቻርጁ ወደ 13 ናኖኩሎምብ ይወጣል። ቻርጁ በቁራጩ ላይ ስለተዘረጋ ይህ ግምት ነው፣ ደረጃው ግን ልክ ነው፤ በሲሙሌሽኑ ሜዳ ላይ አሥራ ሦስት ቀይ ቻርጆች ደራርቡና እጃችሁ ላይ የተንጠለጠለው ያ ነው።

የማይሠራበት ጊዜ አለ፣ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ በተለይ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት፣ ሐይቁ አጠገብ ደግሞ በማለዳም ጭምር፣ በስኮቹ ገጽ ላይ ስስ የውሃ ሽፋን ይቀመጥና ቻርጁን ያፈሳል፤ ቁራጮቹ ለአፍታ ተገፋፍተው ይወድቃሉ። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ጥሩ ውጤት ይገኛል። በክረምት መሥራት ግድ ከሆነ እጅንና ጠረጴዛን አድርቁ፣ ስኮቹን ከከሰል ምድጃ ፈንጠር አድርጋችሁ ለጥቂት ደቂቃ አሙቁት፣ ከዚያ ከምድጃው ርቃችሁ ሥሩ። ርቃችሁ የተባለው በምክንያት ነው፤ ነበልባል አየሩን አዮናይዝ ስለሚያደርግ (ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች ስለሚፈጥርበት) ቻርጅ ያጠፋል። መብራት ሄዶ በሻማ አጠገብ የሚሞከር የስኮች ሙከራ የሚከሽፈውም በዚሁ ነው፤ በባትሪ መብራት ሥሩ።

ለማን ይሆናል? ሁለተኛ ደረጃ ላለ ተማሪ ቅደም ተከተሉ ፊኛው፣ ከዚያ ኩሎምብ፣ ከዚያ ስኮቹ፣ በመጨረሻ ቻርጅስ ኤንድ ፊልድስ ነው፤ በመጨረሻው ላይ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቆይ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በቀጥታ በሦስተኛው ይጀምርና ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት መልሱን በወረቀት ይጻፍ፤ ሴንሰሩ ከማንበቡ በፊት ያልተጻፈ ግምት «እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት» ወደሚል ይለወጣል። በእኛ ግምት ፊኛው ከ5 3፣ የኩሎምቡ 3፣ ቻርጅስ ኤንድ ፊልድስ 4.5 ያገኛሉ። ግማሿ የተቀነሰችው አንድ ቻርጅ አንስቶ ፎርሱን በቀስት የሚያሳይ ቁልፍ ስለሌለው ነው። ጋውስ ሕግ፣ ብረትና ካፓሲተር ላይ የደረሰ ተማሪ ግን ሦስቱንም ዘግቶ ወደ ወረቀትና እርሳስ ይመለስ።